የዊሊያም ካስል ካርቶን

ዛሬ የፊልም ዳይሬክተሩን የዊሊያም ካስልን «ሰርቲን ጎስትስ» («13 መናፍስት»፣ 1960 እ.ኤ.አ.) የተባለ አስፈሪ ፊልም ደግሜ አየሁት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለ«ዘ ቲንግለር» ፊልሙ ከአንዳንድ የሲኒማ ቤት ወንበሮች ስር የሚንቀጠቀጥ ሞተር ያስገጠመው ሰውዬ እኮ ነው!

እዚህ ደግሞ ለተመልካቹ ቀይና ሰማያዊ ሴሎፎን (ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) ያለው መመልከቻ ካርቶን ያድል ነበር። እንደ ስሪዲ መነጽር አይደለም፤ ሁለቱም ዓይን በአንዱ ቀለም ነው የሚያየው። መናፍስቱ ሲመጡ ጥቁርና ነጩ ምስል ሰማያዊ ይሆናል፣ እነሱ በቀይ ይደረቡበታል። ቀዩ ሴሎፎን ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያፍን መንፈሱ ቦግ ብሎ ይወጣል። የፈራ ሰው ዓይኑን ወደ ሰማያዊው ያዞራል፤ መንፈሱ ይጠፋለታል። እንዴት ደስ የሚል ሐሳብ ነው!

ያለ ካርቶኑም መናፍስቱ መታየታቸው አንድ ጉድለቱ ነው። ቤት ስታዩት ቀለሙ ያለበትን ቅጂ ፈልጉ፤ ሙሉ በሙሉ ጥቁርና ነጭ በሆነው ላይ ሴሎፎኑ የሚለየው ነገር የለም።