ከአምባሰል ደመና ያወጣችኝ እመቤቴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተሳልኩት ሁለት ነገር ነበር። ለግሸን ማርያም ጥላ ላስገባ፣ ያደረገችልኝንም በሰው ፊት ልመሰክር። ጥላውን በመስከረም 21 ንግሥ አስገብቻለሁ። ምስክርነቱ ይኸው።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። ፓራግላይዲንግ የተማርኩት ለሥራ ቱርክ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሞተር የለውም። ከላይ የተዘረጋ የጨርቅ ክንፍ አለ፣ ቀጫጭን ገመዶች አሉ፣ የሚቀመጡበት መታጠቂያ አለ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ፍሬን አለ። በቃ። ወደ ላይ የሚወስድህ አየሩ ነው። ፀሐይ ቋጥኙንና ደረቁን ማሳ ስታሞቀው፣ የሞቀው አየር ሽቅብ ይነሳል። ቴርማል ይባላል። እሱ ውስጥ እየዞርክ ከፍ ትላለህ፣ ከዚያ ተንሸራተህ ሌላ ትፈልጋለህ። እንዲህ እያሉ ከተራራ ተራራ ብዙ ኪሎ ሜትር ይኬዳል።

የአስተርእዮ ማርያም ሰሞን ነበር። ጥር ወሎ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ በልግም ገና አልገባም። እናቴ ስወጣ «እመብርሃን በክንፏ ትጋርድህ» አለችኝ። ሁልጊዜ የምትለው ነው።

የተነሳሁት ከጦሳ ተራራ ነው። ወደ ደሴ የዞረው ገጹ የጠዋቱን ፀሐይ ቶሎ ስለሚያገኝ ረፋዱ ላይ አየሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ጥንብ አንሳዎቹ ቀድመውኝ እየዞሩ ነበር። እነሱ የሚዞሩበት ቦታ አየር አለ፣ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ አምናቸዋለሁ። አብሬያቸው ዞርኩ። አንዱ ከክንፌ ጫፍ አጠገብ ሆኖ አንገቱን አዙሮ አየኝ። ከታች የደሴ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል።

ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቅ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከላይ ሲታይ ወደ ውሃው የገባ አረንጓዴ መሬት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ገዳም ነው። እዚያው አየር ላይ ሆኜ አማተብኩ፣ ተሳለምኩ። ሐሳቤ አምባሰልን ተጠግቼ አልፌ ውጫሌ ማረፍ ነበር።

ደመናው የመጣው ከምሥራቅ፣ ከቆላው በኩል ነው። እርጥቡ አየር ሽቅብ ወደ ተራራው ሲገፋ እንዲህ ያደርጋል። ግን እንዲህ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። ቫሪዮ የምንለው ትንሽ መሣሪያ አለ፣ ስትወጣ ቶሎ ቶሎ ይጮኻል፣ ስትወርድ ድምፁ ይወፍራል። በሴኮንድ 3 ሜትር ሲል ደስ ይላል። 6 አለ። 8 አለ። የክንፉን ጫፎች አጥፌ ለመውረድ ሞከርኩ። እንደዚያም ሆኖ ሽቅብ ነው። ደመናው ዋጠኝ።

ነጭ ብቻ። የራሴን ክንፍ አላየውም። ገመዶቹ ላይ ጤዛ ተሰድሮ ዐያለሁ፣ ወዲያው ጤዛው ወደ በረዶ ተለወጠ። ጓንቴ ደርቆ ፍሬኑን መጨበጥ አቃተኝ። አቅጣጫ የማይበት ስልክ በብርዱ ጠፋ። ለክፉ ቀን የሚያዘውን መጠባበቂያ ጃንጥላ (ፓራሹት) እንዳልዘረጋው፣ የሚነሳው አየር እሱንም ይዞት ይወጣል። የአምባሰል ገደል ደግሞ የሆነ ቦታ አለ፣ በየት በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም።

ትዝ ያለችኝ ኤቫ ቪሽኒርስካ ነበረች። በአውሮፓውያን 2007 አውስትራሊያ ውስጥ ማዕበል ያዘለ ደመና ይዟት ከ9,900 ሜትር በላይ የወጣች የጀርመን ቡድን አብራሪ ናት። ራሷን ስታ፣ በበረዶ ተሸፍና፣ በሕይወት ወረደች። በዚያው ቀን ደመና የወሰደው ቻይናዊ አብራሪ ግን አልተረፈም። ሁለቱንም አሰብኩ።

ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማለሁ። ያኔ አንድ መስመር እንኳ አልመጣልኝም። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ «የግሸኗ እመቤት፣ መሬቱን ብቻ አሳዪኝ።» ደጋግሜ አልኩት። ስለቱንም እዚያው ተሳልኩ።

ቫሪዮው ዝም አለ። ከዚያ ድምፁ ወፈረ። ክንፌ በአንድ ጎን ተጨማዶ እንደገና ተዘረጋ፣ ወደ ግራ ወረወረኝ። በግራ እግሬ ሥር ነጩ ተቀደደ። በቀዳዳው ቢጫ ማሳና የጭድ ክምር አየሁ። መሬት! የለመንኩት መሬት!

ክንፉን አዘንብዬ በጠባቡ እየተሽከረከርኩ ወረድኩ። ከደመናው ሥር ስወጣ ቀና ብዬ አየሁ፣ ቀዳዳው ተዘግቷል።

የእህል ቃርሚያ ላይ አረፍኩ። ነፋሱ ክንፉን ይዞ ሲጎትተኝ ሰዎች ሮጠው መጥተው ጨርቁ ላይ ተኙበት። «አብሽር! አብሽር ወንድሜ!» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉኝ። ቤታቸው ወስደው እሳት ዳር አስቀመጡኝ። ቡና ተፈላ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሲኒው አልያዝ ሲለኝ ባለቤታቸው እንደ ሕፃን ይዘው አጠጡኝ።

ሽማግሌው ከአቦሉ በኋላ የነገሩኝን እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። «ደመናው ሲውጥህ ከአውድማው ሆነን አይተናል ልጄ» አሉኝ። «ማን እንደሆንክ አናውቅም። የሰው ልጅ ነው ብለን ውቂያውን አቁመን ዱአ አደረግን። አላህ መለሰህ።»

እኔ ከላይ እመቤቴን ስጠራ፣ ከታች እጃቸውን ዘርግተው የሚለምኑልኝ ሰዎች ነበሩ። ስሜን አያውቁም፣ ሃይማኖቴን አልጠየቁም። ወሎዬ ለሆነ ሰው ይህ ብርቅ ላይሆን ይችላል። ለኔ ግን የምስክርነቴ ግማሹ ይኼ ነው። እመብርሃን መሬቱን ስታሳየኝ፣ ያሳየችኝ እነሱ ቆመው ያሉበትን መሬት ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ደመና እኮ ይከፈታል፣ የሚነሳ አየር ባለበት የሚወርድም አለ» ይሉኛል። ልክ ናቸው። እኔም ተምሬዋለሁ። ግን በዚያች ደቂቃ፣ በእግሬ ሥር፣ ገደል በሌለበት በኩል፣ እኔን የሚያሳልፍ ያህል ሰፍቶ መከፈቱን ማንም አላስተማረኝም። አየሩን ስለማውቅ ነው የምመሰክረው።

ልጇ ወዳጇ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እነዚያን ደጋግ ሰዎች ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ አውድማቸውን ይባርክ። የሰማችሁ ሁሉ እልል በሉልኝ።