የጉልበት ጅማት ከተሠራ በኋላ የሕመም ማስታገሻ ኪኒኑን በሰዓት መዋጥ

የጉልበት ጅማቱ በቀዶ ሕክምና የተሠራለት ሰው ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል ሲወጣ «ኧረ ምንም አያመኝም» ይላል። እግሩ ደንዝዞ ነው። ጭን ላይ የሚወጋው የነርቭ ማደንዘዣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይለቃል፤ ሌሊት ከለቀቀ ሕመሙ በአንዴ ያጥለቀልቃል፣ ያኔ የተዋጠ ኪኒን ደግሞ እስኪሠራ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ኪኒን የሚዋጠው እግሩ ገና ደንዝዞ ሳለ ነው።

መሠረቱ ፓራሲታሞል ነው። ከ50 ኪሎ በላይ ለሆነና ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፦ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። ሰዓቶቹን ወረቀት ላይ ጽፎ አልጋው አጠገብ መለጠፍና በተዋጠ ቁጥር ምልክት ማድረግ ነው። በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው በጉንፋን መድኃኒት ነው፤ ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ።

በዚያ ላይ ሐኪሙ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሊያዝ ይችላል። «ወይም» የሚለው ይሰመርበት! ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው፤ አብረው ቢዋጡ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ እንጂ ሕመሙ እጥፍ አይታገስም። የሚወሰዱት ከምግብ በኋላ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ከሚውጥ፣ ለእነዚያ ቀናት የንስሐ አባቱን ቢያማክር ይሻለዋል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አስቀድመው ይናገሩ።

ትራማዶል እነዚህ ላልቻሉት ሕመም፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ያዞራል፤ ሌሊት በክራንች ወደ ሽንት ቤት ሲኬድ ሰው ይደግፍ። ሆድም ያደርቃል፣ ውሃና ተልባ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። ከአልኮልና ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር አይገናኝም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ለሐኪሙ ሳይነግር አይጀምረው።

ኪኒኑ አልሠራ ሲል መጠኑን ከመጨመር በፊት እግሩን ማየት ነው። ፋሻው ጠብቆ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል? እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ውሏል? ትራስ ከተረከዝ ሥር ይግባ፤ ከጉልበት ሥር ከገባ ጉልበቱ ታጥፎ ይለምዳል፣ በኋላ መዘርጋቱ ፈተና ነው። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ 20 ደቂቃ። የፊዚዮቴራፒ ቀን ኪኒኑ ከ45 ደቂቃ በፊት ቢዋጥ እንቅስቃሴው ይቀላል።

ባት አብጦ ካመመ፣ ትኩሳት ከ38 ካለፈ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል።