«በእኔ በቀር» የተባለባት ከተማ

ኢየሩሳሌም የገባሁት ማታ ነው። የታክሲው ሹፌር ቆጣሪ አልከፍትም ብሎ ከባቡር ጣቢያው እስከ ያፋ በር 100 ሼክል ተቀበለኝ። ትራሙ በዚያው መንገድ አጠገባችን ሲያልፍ እያየሁ ነው የከፈልኩት፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ማደሪያዬ አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለ ርካሽ ቤት ነበር። ተደራራቢ አልጋ፣ ከበላዬ የሚያንኮራፋ ሰውዬ፣ ከዚያ የንጋት አዛን፣ ከዚያ ደወል፣ ከዚያ ሌላ ደወል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ጠዋት ወደ ጽዮን ተራራ ሄድኩ። በጽዮን በር ስታልፉ ድንጋዩ በ1948ቱ ጦርነት ጥይት ተበሳስቶ ታዩታላችሁ። የፈለግሁት የመጨረሻው እራት የተበላበት ነው የሚባለውን ደርብ ነው። ኢየሱስ «እኔ መንገድና እውነት ሕይወትም ነኝ፤ በእኔ በቀር ወደ አብ የሚመጣ የለም» ያለው በዚያች ሌሊት ነው፣ ዮሐንስ 14።

ክፍሉ ባዶ ነው! ሥዕል የለ፣ መንበር የለ። ግድግዳውም ከመስቀል ጦረኞች ዘመን ወዲህ የተሠራ ነው። ከታች አይሁድ የዳዊት መቃብር ብለው ይጸልያሉ። ላይኛውን ፍራንቸስካውያን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይዘውት ነበር፤ በ16ኛው ኦቶማኖች አስወጥተዋቸው መስጊድ ሆነ፣ ወደ መካ የሚያመለክተው ሚህራብ አሁንም አለ። ዛሬ እንደ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ አይቀደስበትም፤ ጳጳስ ፍራንሲስ በ2014 ሲቀድሱ ራሱ ትልቅ ዜና ነበር። «በእኔ በቀር» የሚለው ቃል የሚታሰብበት ክፍል ሦስት ሃይማኖት የሚጋራው ቤት ውስጥ መሆኑ ገረመኝ።

አንድ አስጎብኚ በድምፅ ማጉያ ጥቅሱን እንደ ጦር ሜዳ መፈክር ሲጮኸው ግን ደሜ ፈላ። ጥግ ይዤ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ጴጥሮስ እንደሚክደው ገና ተነግሮታል፤ «ልባችሁ አይታወክ» የሚባሉት የደነገጡ ሰዎች ናቸው። ቶማስ ወዴት እንደምትሄድ አናውቅም፣ እንዴትስ መንገዱን እናውቃለን ይላል፤ መልሱ ያ ነው። ጨንቆት ለጠየቀ ወዳጅ የተሰጠ መልስ እንጂ የክርክር ማሸነፊያ አይደለም። ለስላሳ ነው ማለቴ ግን አይደለም። እዚሁ ከተማ ጴጥሮስ በአይሁድ ሸንጎ ፊት ቆሞ «መዳንም በሌላ በማንም የለም» ብሏል፤ ያውም በእስር ካደረ በኋላ።

ስመለስ በገበያው ጠባብ መንገድ ጠፋሁ። እየዞርኩ ሦስቴ ያለፍኩበት ሱቅ ባለቤት፣ ሽማግሌ ሙስሊም፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ተነሱና በምልክት «ተከተይኝ» አሉኝ። ሱቃቸውን ክፍት ትተው እስከ ጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን በር አደረሱኝ። ብር ላወጣ ስል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሄዱ። የዚያ በር ቁልፍም ለብዙ መቶ ዓመታት በሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ነው ያለው። ውስጡን ስድስት አብያተ ክርስቲያናት ይካፈሉታል፤ ከበሩ በላይ ያለው የእንጨት መሰላል ደግሞ ማን ያንሳው ስለማይስማሙ ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እዚያው አለ። አንዱን መንገድ የሚያምኑ ሰዎች መሰላል ማንሳት አቃታቸው። በጣሪያው ላይ ያለውን የኢትዮጵያውያን ገዳም፣ ዴር ሱልጣንን፣ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፤ እሱ ለብቻው ነው።

ማታ ይህን ሁሉ ማደሪያው ውስጥ አንድ ክፍል ለምታድር ልጅ አወራሁላት። ተማሪ ናት፣ አታምንም። «ታዲያ ያ ሽማግሌስ?» አለችኝ። «አንድ መንገድ ብቻ ማለት ትዕቢት ነው።»

ጥያቄዋ ከበደኝ። ክርስቲያኖችም አንድ ዓይነት አይመልሱትም። የካቶሊክ ጉባኤ በ1964 ወንጌልን ያለ ጥፋታቸው ያላወቁና እግዚአብሔርን ከልብ የሚፈልጉ ሊድኑ ይችላሉ ብሏል፤ የሚድኑት ግን ያው በክርስቶስ ነው። ብዙ ወንጌላውያን ደግሞ ሮሜ 10ን ያነሳሉ፦ «ያለ ሰባኪስ እንዴት ይሰማሉ?» እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ጥቅሱን ግን «ሁሉም መንገድ ያደርሳል» እስኪል ድረስ ልለጥጠው አልችልም፤ እንደዚያ ቢፈልግ ኖሮ «በእኔ በቀር» አይልም ነበር። ትዕቢት ላልሽው፣ አልኳት፣ ሁሉም ያደርሳል የሚለውም እኮ እኔን ተሳስተሻል እያለኝ ነው። እኔ ደግሞ መንገዱ ነኝ አላልኩም፤ ያለው እሱ ነው። እሱ ነው ወይስ አይደለም ብለሽ ጠይቂ።

አልተዋጠላትም። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። በመጨረሻ «አስተኙኝ» ብሎ የጮኸብን ማን መሰላችሁ? ያው የሚያንኮራፋው ሰውዬ!

ለምትሄዱ፦ ደርቡ መግቢያ አይከፈልበትም። በጠዋት ሂዱ፤ አውቶቡሶቹ ሰው ማራገፍ ከጀመሩ ማንበብ ቀርቶ መቆሚያም አታገኙም።