ዊንዶውስ 10 ይቆይ ወይስ ይቀየር?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማሻሻያዎችን ጨምሮ) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቋረጠ ወዲህ፣ ኮምፒውተሮቻቸውን የምጠግንላቸው ባለ ሱቆችና አነስተኛ የሒሳብ ቢሮዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ)፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ፣ አሮጌዎቹ ማሽኖቻቸው መስፈርቱን አያሟሉም (በእኔ በኩል ከ8 ጊጋባይት ራም በታች አልመክርም)። የባንክ ሒሳብና ኢሜይል የሚከፈትበት ኮምፒውተር ያለ ማመንታት ወደ አዲሱ ይዛወር እላለሁ። የቆየው የሒሳብ ፕሮግራም ወይም የደረሰኝ ማተሚያው በአዲሱ ላይ አልሠራ ካለ ግን፣ ያንን አንድ ማሽን ከኢንተርኔት ነጥዬ በዊንዶውስ 10 እንዲቀጥል አደርጋለሁ፤ ያገኙት ፍላሽ ሁሉ እንዳይሰካበት አስጠነቅቃለሁ፤ መረጃውንም በየሳምንቱ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲገለብጡት አሳያቸዋለሁ።