አንዲት «ኤ» ያስኮበለለችብኝ እንግዳ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ ሙሉ ኢሜይል በእንግሊዝኛ ጽፌ አለቃዬ አንድም ቃል ሳያርምበት አለፈ። ደስታው ነው የሚያስጽፈኝ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ባንድ አነስተኛ ሆቴል ሪሴፕሽን ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት አላወራችሁም፤ እንግሊዝኛ የምትማሩ ሁሉ ያለፋችሁበት ነው። «ሜኒ» ለሚቆጠር፣ «ማች» ለማይቆጠር የሚለውንማ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ እወጣዋለሁ። መውጣት ሌላ፣ መናገር ሌላ። እኛ ሰውንም ውሃንም «ብዙ» ብለን ስለምንገላገል አፋችን መለየት አለመደም።

መጀመሪያ የያዝኩት ዘዴ የሱቅ ዘዴ ነበር፦ ባለሱቁ በፍሬ ከሸጠልኝ «ሜኒ»፣ በኪሎ ከመዘነልኝ «ማች»። ለእንቁላልና ለስኳር ሠራ። ሙዝ ላይ ተበላሸ፤ በኪሎ ይሸጣል፣ ግን ይቆጠራል። ዳቦ ደግሞ በፍሬ እንገዛለን፣ «ብሬድ» ግን አይቆጠርም። ከሁሉ ያናደደኝ «ላጌጅ» ነው። ሦስት ሻንጣ ፊቴ ተደርድሮ «ስሪ ላጌጅስ» ማለት ስህተት፣ «ስሪ ባግስ» ማለት ልክ! በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚቆጠረው ቃሉ እንጂ ዕቃው አይደለም። ሦስት ነጭ ሽንኩርት አምጣ ስንባል «በራስ ነው በፍሬ?» ብለን እንጠይቅ የለ? «ፒስ ኦፍ ላጌጅ» ማለትም እንደዚያው ነው። «አድቫይስ» (ምክር)፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢንፎርሜሽን» ሁሉም በዚህ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ቁስሌ ልግባ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ክፍል አለ ወይ ሲለኝ፣ ጥቂት ቀርቶናል ለማለት «ዊ ሃቭ ፊው ሩምስ» አልኩት፣ ያውም በኩራት። «ኦ፣ ሶሪ» ብሎ ዘጋው። አምስት ክፍል ባዶ አደረ። ለካ «ኤ ፊው» ስትል ጥቂት አለ ማለት ነው፤ «ፊው» ብቻውን ሲሆን ግን «ብዙም የለም» ነው። እኛ ልዩነቱን ግሱ ላይ እናወጣዋለን፣ በ«አለ» እና በ«የለም»። እነሱ ግን ያን ሁሉ ሸክም አንዲት «ኤ» ላይ ጭነውታል። «ሊትል» እና «ኤ ሊትል»ም እንዲሁ ናቸው፤ «ሊትል ታይም» የሚልህ ሰው እየተጣደፈ ነው፣ «ኤ ሊትል ታይም» የሚልህን ግን ቡና ጋብዘው።

ይህን ያዝኩ ብዬ ስዝናና «ኳይት ኤ ፊው» መጣ። አንድ እንግዳ ጓደኞቼ ይመጣሉ፣ «ኳይት ኤ ፊው» ናቸው ሲለኝ ሁለት ወንበር ጨመርኩ። ዘጠኝ ሆነው መጡ። «ኳይት» ሲጨመርበት በርከት ያለ ማለት ነው፤ «ኦንሊ» ሲጨመርበት ደግሞ መልሶ ያንሳል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጨርስ ሰሌዳው ላይ የተሰቀሉትን ቁልፎች እያየሁ ጮክ ብዬ እላለሁ፦ አምስት ካሉ «ኤ ፊው ኪስ»፣ ሁለት ከቀሩ «ፊው ኪስ»። ዘበኛው አሞኛል መሰለው። ባዶ ቦታ ሙሉ የሚሉ መልመጃዎችን ግን ትቻቸዋለሁ፤ መልሱን ከኋላ ገጽ አይቼ ነበር የምሞላው።

ሁለቱም «ያነሰ» ማለት በሆኑት በ«ሌስ» እና በ«ፌወር» ላይ የሚጨቃጨቁትንም ተዉአቸው። ነገሩ በ1770 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ ለሚቆጠር ነገር ከ«ሌስ» «ፌወር» ይሻላል ብሎ የጻፈው የግል ምርጫው ነበር፤ በኋላ ሕግ አደረጉት። የእንግሊዙ ሱፐርማርኬት ቴስኮ እንኳ በ2008 (እ.ኤ.አ.) «ቴን አይተምስ ኦር ሌስ» (አሥር ዕቃ ወይም ያነሰ) በሚለው ማስታወቂያው ስለተነቀፈ «አፕ ቱ ቴን አይተምስ» (እስከ አሥር ዕቃ) ብሎ ከጭቅጭቁ ወጣ። ባለቤቶቹ ካልተስማሙ እኔ ምን አገባኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ስልኩ ሲበዛብኝ ለሁሉም «ኤ ሎት ኦፍ» እላለሁ፤ ለሚቆጠረውም ለማይቆጠረውም ይሆናልና። ጀማሪ ከሆናችሁ ተጠቀሙበት፤ ግን እንደኔ አትደበቁበት፤ ስምንት ወር ሙሉ «ማች»ን ከአፌ ሳላወጣ የከረምኩት በሱ ምክንያት ነው።

ትናንት ማታ ደግሞ አንዲት እንግዳ ስለ ላሊበላ በረራ ጠየቁኝ። ደረቴን ነፍቼ «አይ ሃቭ ሜኒ ኢንፎርሜሽንስ» አልኳቸው። በአራት ቃል ሁለት ስህተት። እሳቸው ፈገግ ብለው ዝም አሉ፣ እኔ ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።