ውሃ በ92 ዲግሪ ሲፈላ የሲዲ1ኤ ፕሮቲን ቀለም ለምን ይደበዝዛል?

የአንቲጅን ሪትሪቫል (የናሙናውን ፕሮቲኖች ለቀለም የሚያዘጋጅ የሙቀት ሥራ) መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ስስ ሥጋ ስለተለጠፈበት መስታወት «ስላይዱን ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አቆዩ» ይላሉ። ከአቃቂ እስከ ሱሉልታ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚሠራ ላቦራቶሪ ይህ በክፍት ዕቃ አይሆንም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ሱሉልታ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። እሳቱን ቢያበዙት እንፋሎቱ ይጨምራል እንጂ ሙቀቱ ፈቅ አይልም።

ነገሩ በጣም የሚጎዳው እምብዛም የማይገጥሙትን የደም ሴል ዕጢዎች ነው፤ ምርመራቸው የሚቆመው በፕሮቲን ላይ ነውና። ላንገርሃንስ ሴል ሂስቲዮሳይቶሲስን፣ ማለትም ላንገርሃንስ የተባሉትን የመከላከያ ሴሎች የሚመስሉ ሴሎች ያለቅጥ የሚበዙበትን በሽታ፣ እንውሰድ። የሕፃን ራስ ቅል ሲቦረቦር የአጥንት ኢንፌክሽን ወይም ቲቢ ሊመስል ይችላል። በተለመደው የሄማቶክሲሊንና ኢኦሲን ቀለም፣ ልክ እንደ ቡና ፍሬ መሐሉ የተሰነጠቀ ኒውክሊየስ ይታያል፤ ዙሪያውን ብዙ ጊዜ ኢኦሲኖፊሎች (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ከበውታል። ጥርጣሬውን የሚያጸኑት ግን ሲዲ1ኤ እና ላንገሪን የተባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ኤስ100 የተባለው ፕሮቲንም እንዲሁ ይወጣል፤ ሆኖም ነርቭና ሜላኖሳይትም (የቆዳ ቀለም ሴል) ስለሚያወጡት ብቻውን አይታመንም።

ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል። ሙቀቱ ሳይበቃ ሲቀር እስሩ በከፊል ብቻ ይፈታል፣ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ መያዣ ያጣል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ደብዛዛው ቀለም «የለም» ተብሎ ሲነበብ ልጁ የማያስፈልገውን መድኃኒት ለወራት ሊወስድ ይችላል።

መላው የወጥ ቤት ፕሬዠር ድስት ነው። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1.21 ግራም ትሪስ ቤዝና 0.37 ግራም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ ሟሙቶ ፒኤቹ 9 ላይ ይስተካከላል። መጀመሪያ ፈሳሹ ይፍላ፤ ስላይዶቹ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሙሉ ግፊት ከያዘበት ቅጽበት ጀምሮ 3 ደቂቃ ይቆጠራል። ግፊቱ ከወረደ በኋላ ስላይዶቹ እዚያው ፈሳሽ ውስጥ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዙ። ቸኩሎ ማውጣት ሥጋውን ከመስታወቱ ይልጠዋል፤ በተለይ አጥንት ቶሎ ይነሣል። ስለዚህ ቻርጅ ያለው (ሥጋውን በኤሌክትሪክ ሙል የሚይዝ) ስላይድ መጠቀምና አስቀድሞ በ60 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ማድረቅ ግድ ነው።

በዚያው ስላይድ ጫፍ ላይ ቁራጭ ጤነኛ ቆዳ ይለጠፍ። የላይኛው የቆዳ ንብርብር የራሱ ላንገርሃንስ ሴሎች አሉት፤ እነሱ በሲዲ1ኤ ካልቀለሙ የዕለቱ ውጤት አይነበብም፣ ይደገማል።

አጥንቱን ለማለስለስ ናይትሪክ ወይም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መጠቀም ዲኤንኤውን ይሰባብረዋል። ከ2010 ጀምሮ እንደሚታወቀው ከታማሚዎቹ በግማሽ ገደማ ላይ ቢራፍ በተባለው ጂን ላይ ቪ600ኢ የሚባል ለውጥ ይገኛል፦ በፕሮቲኑ 600ኛው ቦታ ላይ የነበረው ቫሊን የተባለ አሚኖ አሲድ በግሉታሚክ አሲድ ይተካል። ቪኢ1 የተባለው አንቲቦዲ የተለወጠውን ፕሮቲን ያሳያል፤ ቀለሙ ካወላወለ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚመረምር ዘዴ) ያስፈልጋል፣ ፒሲአር ደግሞ ያልተሰባበረ ዲኤንኤ ይፈልጋል። ስለዚህ ከቁስሉ የተፋቀው ለስላሳ ሥጋ ገና ከጅምሩ ለብቻው፣ አሲድ ሳይነካው፣ ወደ ብሎክ (ናሙናው ወደሚታሸግበት የሰም ቁራጭ) ይግባ። ጠንካራው አጥንት ቀናት ቢፈጅም በኢዲቲኤ ይለስልስ። በመጠየቂያው ወረቀት ላይም የትኛው ብሎክ አሲድ እንደነካውና ናሙናው በፎርማሊን ስንት ሰዓት እንደቆየ በግልጽ ይጻፍ።