የአባቴ ማስተርስ

የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፎችን ስካን እያደረገ ለማንኛውም አንባቢ ክፍት በሆነ ዲጂታል ማከማቻ ላይ መጫን ሲጀምር፣ የሜታዳታ፣ ማለትም የየጽሑፉ ጸሐፊና ርእስ የመሳሰለው መረጃ የሚመዘገብበትን፣ መመሪያ የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ለሕዝብ ክፍት መሆን ስላለበት፣ አለቆቻችን በየሳምንቱ የሚጠይቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስንት ደረሰ?»

የማከማቻው ሶፍትዌር የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲና የኮምፒውተር ኩባንያው ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ዲስፔስ ነው። እኛ የምንሠራበት ቅጂ የጸሐፊውን ስም በሁለት ሳጥኖች ይጠይቃል፤ በመጀመሪያው የቤተሰብ ስም፣ በሁለተኛው የራስ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ቢሆንም «የአባት ስም በመጀመሪያው ሳጥን ይግባ» ብዬ መመሪያውን ጻፍሁ፤ አበበ ከበደ የተባለ ሰው «ከበደ፣ አበበ» ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። የተቃወሙኝ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯቸው፣ ዕድሜያቸውን በካታሎግ ክፍል የፈጁ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባለሙያ ብቻ ነበሩ። «የሐበሻ ስም አይገለበጥም» አሉ። ዓለም አቀፍ መስፈርት መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው። መስፈርቱን ግን አንብቤው አላውቅም፤ ያየሁት በአንድ ሆቴል በተሰጠን የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ፣ የአበል መፈረሚያው ከመዞሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ከታደለን የስላይድ ቅጂ ላይ ነው።

እትዬ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ አዛውንት መምህር የራሳቸውን የማስተርስ ጽሑፍ ፍለጋ መጡ። ከጸሐፊዎች ዝርዝር ውስጥ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ከፍቼ ሁለት ጊዜ ወረድሁበት፤ የለም። «ገና አልተጫነም ማለት ነው» አልኋቸው፣ በሙሉ ልብ። እርሳቸው ግን ያ የእንጨት የካርድ ካቢኔት አሁንም እንዳለ ጠየቁኝ። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴውን እየጠበቀ በኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሄደው አንዱን መሳቢያ ሳቡ፣ በሁለት ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ አንድ ደቂቃም ሳይሞላ በታይፕ የተመታ ካርዳቸውን አሳዩኝ፤ ስማቸው ቀድሞ፣ የአባታቸው ስም ተከትሎ። በካርዱ ላይ ባለው ርእስ ስፈልግ ጽሑፉ በማከማቻው ውስጥ ወጣ። ተጭኖ የቆየ ነው፤ ያለው ግን በአባታቸው ስም ሥር ነው።

መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣» አሉ፣ «አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። እናንተ ማስተርስ ሰጣችኋቸው።»

ሳቅሁ፤ እርሳቸው አልሳቁም።

«ማዕረጉ አይበዛባቸውም፤ ነገር ግን ጽሑፉን ሲጽፉ አላየኋቸውም።»

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነው። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ለእትዬ የነገርኋቸውን ያንኑ የዓለም አቀፍ መስፈርት ማብራሪያ ከአንድ እስከ መጨረሻው ደገምሁላቸው። መጽሐፉን ሳያነብ ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ የሚያዳምጡ ይመስል በትዕግሥት አዳመጡኝና «ታዲያ ይህን ካርድ የመታው ሰው ከዓለም ውጪ ነበር?» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ።

በዚያው ምሽት መስፈርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምንጩ ፈለግሁት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያውያንን ስም አይገለብጥም፤ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በዋሽንግተኑ ካታሎግ የሚገኙት በባሕሩ እንጂ በዘውዴ አይደለም። እንግዲህ ኮሪደር ላይ የጣልነው ካቢኔት ነበር ዓለም አቀፉን መስፈርት ይዞ የቆመው። ይህንን ለእትዬ ደውዬ ልነግራቸው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ አልደወልሁም።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ሙሉውን ስም በመጀመሪያው ሳጥን ጽፎ ሁለተኛውን ባዶ መተው። ሥራው ግን ቀላል አልነበረም፤ መመሪያዬን አምነው በትጋት የገለበጡ ሁለት ረዳቶች ለሳምንታት መልሰው ሲያቃኑ ከረሙ። እንዲያም ሆኖ ከግቢያችን ውጭ ብዙ አልተለወጠም፤ የምሁራን ጽሑፎች መፈለጊያው ጎግል ስኮላር የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድና የፊተኛውን ወደ አንድ ፊደል ስለሚያሳጥር፣ የአዛውንቱ አባት እዚያ ዲግሪያቸውን እንደያዙ ናቸው።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ማቅረቢያ ቅጽ «አዲስ የተጫኑ» የሚል እንጂ «የተስተካከሉ» የሚል ዓምድ ስላልነበረው፣ የተቃኑት መዝገቦች በሙሉ አዲስ ተብለው ተቆጠሩ። አፈጻጸማችን ከዕቅድ በላይ ሆነ፤ ቁጥሩን የሞላሁትም እኔው ነኝ።